ስምንት መቶ ዓመት የቆየ ልመና

በንስሐ አባት ፊት ከሚቀርበው ነገር ሁሉ ለመመለስ የሚያስቸግረው የኃጢአት ኑዛዜ አይደለም። ለኃጢአት ቀኖና አለው፤ ሥርዓቱም የታወቀ ነው። የሚያስቸግረውስ በጾምና በጸሎት ጸንቶ ብዙ ዘመን ለምኖ ያላገኘ ሰው የሚያመጣው ጥያቄ ነው። ልጅ እንዲሰጣት ሃያ ዓመት የተሳለች ሴት፥ ከደዌው እንዲፈወስ ከጠበል ወደ ጠበል የተመላለሰ ሰው፥ የጠፋ ወንድሙን እንዲመልስለት ሱባዔ የያዘ ሰው ወደ ካህኑ መጥቶ «አባቴ፥ እግዚአብሔር ልመናዬን አልሰማ ብሎ ነውን? ወይስ ሰምቶ እንቢ ብሎኝ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ካህኑም የሐናን፥ የዘካርያስንና የኤልሳቤጥን፥ በዳኛ ደጅ የተመላለሰችውንም የመበለቲቱን ነገር ይነግረዋል። ይህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው በልቡ «እነርሱስ በመጨረሻ አገኙ፤ እኔ ሳላገኝ ብሞትስ?» ማለቱ አይቀርም።

ለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄ የሚስማማ ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም፤ በገዛ ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ውስጥ ይገኛልና። ይኸውም አባቶቻችን ጳጳሳት እንዲበዙላቸው፥ ኋላም ከአገራቸው ልጆች ጳጳስ እንዲሾምላቸው ያቀረቡት ልመና ነው። ልመናው ከተጀመረ እስከ ተፈጸመ ድረስ ስምንት መቶ ዓመት አልፏል። በዚህ መካከል የለመኑት ነገሥታትና መነኮሳት፥ ካህናትና ሕዝብ ትውልድ በትውልድ ላይ ሳያገኙ አልፈዋል። ሃይማኖታቸው ግን አላለፈችም። ይህ እንዴት እንደ ሆነ በአጭሩ እንመልከት። የዘመኑ ቍጥር እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል ድረስ ያለው እንደ ፈረንጅ፥ ከዚያ ወዲህ ያለው እንደ አገራችን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

መጀመሪያው እንዲህ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲላክ ቅዱስ አትናቴዎስን ለመነ። አትናቴዎስም ለዚህ ሥራ ከለማኙ የሚሻል እንደሌለ አይቶ ራሱን ፍሬምናጦስን ሹሞ መለሰው፤ እርሱም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። ያ ልመና ፈጥኖ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ግን ጳጳሱ ባረፈ ጊዜ ወደ ግብፅ መልእክተኛ መላክ፥ እጅ መንሻ ማቅረብ፥ አንድ ግብፃዊ መነኵሴ ተሹሞ እስኪመጣ ድረስም መጠበቅ የማይለወጥ ልማድ ሆነ።

የዚህን ነገር ክብደት ካህናት ያውቁታል፤ ለሌላው አንባቢ ግን መግለጥ ይገባል። ጳጳስ በሌለበት አገር ክህነት የሚሰጥ የለም፤ ታቦት የሚባርክም የለም። አሮጌው ቄስ ሲሞት በቦታው የሚቆም አዲስ ቄስ አይገኝም። ከዚህም በላይ ጳጳስ ለመሾም ቢያንስ ሦስት ጳጳሳት እንዲገኙ በ325 ዓ.ም. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ስለ ወሰነ፥ በአገሩ ያለው አንድ ጳጳስ ብቻውን ተተኪውን ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ አንዱ ባረፈ ቍጥር በረኸኛውና በባሕሩ መንገድ፥ በብዙ ነገሥታትም ግዛት አልፎ እንደገና መለመን ግድ ነበር። መንገዱ ከተዘጋ ወይም የግብፅ ገዢ ከከለከለ መንበሩ ባዶ ሆኖ ይቆያል።

በ10ኛው መቶ ዓመት የደረሰው እጅግ የሚያሳዝን ነው። በሐሰት በተጻፈ ደብዳቤ ምክንያት በአገሩ የነበረው ጳጳስ አባ ጴጥሮስ ከመንበሩ ተገፋ። የእስክንድርያ ፓትርያርክ ቆዝሞስም ይህን ሰምቶ አዘነ፥ ተቈጣም። ከዚያ በኋላ በአምስት ፓትርያርኮች ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ጳጳስ ሳይላክ ቀረ። በዚሁ ጊዜ አንዲት ንግሥት ተነሥታ አብያተ ክርስቲያናትን አፈረሰች፤ ንጉሡም ከቦታ ወደ ቦታ ተሰደደ። በመጨረሻ ለኖባው ንጉሥ ለጊዮርጊስ ደብዳቤ ጽፎ በፓትርያርክ ፊላታዎስ ዘንድ እንዲያማልደው ለመነው። ከ979 እስከ 1003 ዓ.ም. በመንበሩ የተቀመጠው ፊላታዎስም ከአባ መቃርስ ገዳም ዳንኤል የሚባለውን መነኵሴ ሹሞ ላከ። የዚህ ልመና ነገር በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ሁሉ መከራ ውስጥ ያ ንጉሥ የለመነው ለዙፋኑ ጦር ሠራዊት አልነበረም፤ ለሕዝቡ እረኛ ነበር እንጂ።

ያ ልመና አንድ ጳጳስ ለማግኘት ነበር። ጳጳሳት እንዲበዙልን የሚለው ልመና የተነሣው በ12ኛው መቶ ዓመት፥ በዛጔ ነገሥታት ጊዜ ነው። ከ1131 እስከ 1145 ዓ.ም. ፓትርያርክ በነበረው በዳግማዊ ገብርኤል ዘመን፥ ሐርቤ ነው የሚባለው የአገራችን ንጉሥ በጊዜው የነበረውን ጳጳስ አባ ሚካኤልን ሌሎች ጳጳሳት እንዲሾምለት ጠየቀው። ጳጳሱም ያለ ፓትርያርኩ ፈቃድ አይሆንልኝም አለ። ንጉሡ ለፓትርያርኩም ለግብፅ ኸሊፋም ጻፈ። ፓትርያርኩ ግን ጳጳሳቱ ከበዙ እርስ በርሳቸው ይሿሿማሉ፥ ከመንበረ ማርቆስም ይለያሉ ብሎ ፈርቶ ከለከለ፤ ኸሊፋውም ነገሩ ከተገለጠለት በኋላ በዚሁ ተስማማ። ስምንቱ መቶ ዓመት የሚቈጠረው ከዚህ ጀምሮ ነው።

ክልከላውንም የሚያጸና ቃል ነበረ። ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት ጳጳስ እንዳይሾሙ የሚያዝ ቀኖና በኒቅያ ጉባኤ ስም ተጽፎ፥ ኋላም በፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 4 ገብቶ ይነበብ ነበር። የጉባኤው እውነተኛ ቀኖናት ሃያ ብቻ እንደ ሆኑና ይህ ቃል ከእነርሱ ቍጥር እንዳልሆነ ዛሬ የታወቀ ነው። አባቶቻችን ግን መጽሐፉን እንደ ሕግ ተቀብለው፥ በብራና ላይ በገዛ እጃቸው እየጻፉ፥ በጉባኤ ቤት ለደቀ መዛሙርት እየተረጐሙ ለልጆቻቸው አስተላለፉ። እንግዲህ የሚለምኑትን ነገር የሚከለክለውን ቃል የሚጠብቁት እነርሱ ራሳቸው ነበሩ። ከዚህ የበለጠ የእምነት ፈተና ምን አለ? በሰው ክልከላ የቆየውን ነገር የእግዚአብሔር ክልከላ አድርጎ መቀበል ከቀላል ፈተና የሚቈጠር አይደለም።

ልመናው ግን አልተቋረጠም። ዐፄ ይኩኖ አምላክ በ1274 ዓ.ም. ጳጳስ እንዲላክለት ለግብፁ ሱልጣን ለባይባርስ ጻፈ። አባቱ የጀመረውንም ልጁ ይግብዐ ጽዮን ተቀብሎ በ1290 ዓ.ም. እንደገና ለሱልጣኑና ለፓትርያርኩ ጻፈ። በ15ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጳጳሳት ካለፉ በኋላ መንበሩ 23 ዓመት ያህል ባዶ ሆኖ ቆየ። በ1481 ዓ.ም. በዐፄ እስክንድር ዘመን አቡነ ይስሐቅና አቡነ ማርቆስ እስኪመጡ ድረስ ሕዝቡ በዚሁ ኖረ። ከ1520 እስከ 1526 ዓ.ም. በአገራችን የተቀመጠው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ አቡነ ማርቆስን በሽምግልናው አግኝቶታል። በአንድ ቀን ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ክህነት ሲቀበሉ አየ፤ በእናቶቻቸው ክንድ የታቀፉ ሕፃናት ዲያቆናት ሲሆኑ አይቶም ተደነቀ፥ ነቀፈም። የተሰጠው ምክንያት ግን ጳጳሱ ሸምግሏል፥ ቢሞት ሌላው መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም የሚል ነበር። ያ ነገር በሥርዓት ሚዛን ቢመዘን ጉድለት አለበት፤ ዳሩ ግን የዚያን ትውልድ ልብ ያሳየናል። እናቲቱ ሕፃኑን ተሸክማ የመጣችው እርስዋ በማታየው ዘመን መቅደሱ አገልጋይ እንዳያጣ ብላ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «ይህ ሁሉ ትዕግሥት ሳይሆን ድካም ነው፤ ብርቱ ሕዝብ ቢሆኑ ኖሮ ገና በጥንቱ በራሳቸው በሾሙ ነበር» ሊል ይችላል። ነገሩ በቀላሉ የሚናቅ አይደለምና ልንመልስለት ይገባል። ድካምና ትዕግሥት በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ይቀመጣሉ፥ ሁለቱም ይጠብቃሉ። የሚለያቸው በሚጠብቁበት ጊዜ የሚሠሩት ሥራ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ሲጠብቁ ምን ይሠሩ እንደ ነበረ መመርመር ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ፥ ከከለከላቸው ጋራ ፍቅርን አላፈረሱም። በየቅዳሴው የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት ስም እየጠሩ ይጸልዩለት ነበር። ዛሬ «አይሆንም» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ንጉሥ፥ ነገ በቅዳሴ ቆሞ ስለ ደብዳቤው ጸሐፊ ጤናና ዕድሜ ዲያቆኑ ሲለምን ይሰማል፤ እርሱም ከሕዝቡ ጋራ ያንኑ ይለምናል። ይህንንም ሲያደርጉ የከለከላቸው ፓትርያርክ ራሱ እጁ የታሰረ መሆኑን ዘንግተው አልነበረም። በባዕድ ሃይማኖት ገዢዎች ሥር የሚኖር፥ ገዢው ካልፈቀደ መልእክተኛ እንኳ መላክ የማይችል፥ ለመንጋውም የሚፈራ ሰው ነበር። ብዙ ጊዜ እንቢ ያለን ሰው እርሱም ያልተመለሰለት ልመና ያለው ሰው ነው።

ሁለተኛም፥ የጎደላቸውን እየቈጠሩ ያላቸውን አልጣሉም። ቅዱስ ያሬድ ጳጳስ አልነበረም፤ ዜማው ግን እስከ ዛሬ መቅደሳችንን ሞልቶታል። ሰዓታቱንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰው አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም እንደዚሁ ጳጳስ አልነበረም፤ ሊሆንም የሚፈቅድለት ሕግ አልነበረም። ከሊቃውንታቸው ጳጳስ አይሹሙ ተብለው በተከለከሉበት ዘመን ሊቃውንት ማፍራትን አላቋረጡም። የዜማ ቤቱ፥ የቅኔ ቤቱ፥ የመጻሕፍት ቤቱ በአገሩ ልጆች እጅ ስለ ነበረ፥ መንበሩ ባዶ በሆነ ጊዜ እንኳ ትምህርቱ ባዶ አልሆነም። መምህሩ በዛፍ ጥላ ሥር፥ ተማሪው በኮቸሮው ከረጢት ትምህርቱን አቈዩት። በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች እንደምናውቀው ሰሙ ወርቁን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። የልመናው ሰም አንድ ጳጳስ ማግኘት ነበር፤ በውስጡ የተሸሸገው ወርቅ ግን ጳጳስ በሌለበት ቀን እንኳ የማትፈርስ ቤተ ክርስቲያን መሆን ነበር። ሰሙ ሳይሰጥ ወርቁ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር።

የልመናው መልስም በመጣ ጊዜ በአንድ ቀን አልመጣም፤ እንደ ንጋት ጥቂት በጥቂት እየገለጠ መጣ እንጂ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1874 ዓ.ም. አራት ጳጳሳት በአንድ ጊዜ አስመጡ፤ አራቱም ግን ግብፃውያን ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ አቡነ ማቴዎስ በ1919 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በተደረገው ንግግር፥ በ1921 ዓ.ም. ከግብፃዊው ሊቀ ጳጳሳት ከአቡነ ቄርሎስ ጋራ አራት የአገራችን መነኮሳት ጵጵስና ተቀበሉ። እነርሱም አቡነ አብርሃም፥ አቡነ ጴጥሮስ፥ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ ናቸው። በ1922 ዓ.ም. ደግሞ ፓትርያርክ ዮሐንስ 19ኛ አዲስ አበባ መጥተው እጨጌውን አቡነ ሳዊሮስ ብለው ሾሙ። ይሁን እንጂ እኒህ ጳጳሳት ሌላ ጳጳስ እንዳይሾሙ ተወስኖባቸው ስለ ነበረ፥ የተሰጠው መልስ ግማሽ ነበር።

በዚህ ግማሽ መልስ የተሾሙት ለምን እንደ ተሾሙ ለማወቅ ሰባት ዓመት ብቻ በቃ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሰማዕትነት ተቀበሉ። አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ይህንኑ ጽዋ ጠጡ። ስምንት መቶ ዓመት «ከልጆቻችን ጳጳስ ስጠን» ብሎ የለመነ ሕዝብ፥ ባገኘ ማግሥት ጳጳስ ማለት በመንጋው ፊት የሚሞት እረኛ መሆኑን በዓይኑ አየ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ፈተና ከክልከላው ይብስ ነበር። በ1930 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን ከእስክንድርያ ለየሁ ብሎ፥ አቡነ አብርሃምን ሊቀ ጳጳሳት አደረገ። የእስክንድርያ ሲኖዶስም አወገዘ። እነሆ፥ ለስምንት መቶ ዓመት የተለመነው ነገር ያለ ድካም፥ ያለ እጅ መንሻ፥ በአንድ አዋጅ ተሰጠ! የሰጠው ግን የአቡነ ጴጥሮስን ደም ያፈሰሰ እጅ ነው። በዚያ ጭንቅ ውስጥ በነበሩት አረጋዊ አባት ላይ መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ማስተዋል የሚገባው ከነጻነት በኋላ የሆነው ነው። ቤተ ክርስቲያን በጠላት እጅ ያገኘችውን ይዛ አልቀረችም፤ ወደ ቀድሞው ደጅ ተመልሳ እንደገና ለመነች። የሚፈልጉትን ነገር አግኝቶ ከማይገባ እጅ ስለ መጣ መመለስ፥ ሳያገኙ ከመቆየት ይልቅ ይከብዳል። ብዙ ዘመን የለመነ ሰው ሁሉ ይህን ይወቅ፤ ጠላት ልመናችንን ያውቃልና የምንሻውን መስሎ ሊመጣ ይችላል።

በመጨረሻ ሐምሌ 6 ቀን 1940 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ጋራ ስምምነት ተደረገ። ሐምሌ 18 ቀን እጨጌ ገብረ ጊዮርጊስ አቡነ ባስልዮስ ተብለው፥ ከእርሳቸውም ጋራ አቡነ ሚካኤል፥ አቡነ ቴዎፍሎስ፥ አቡነ ያዕቆብና አቡነ ጢሞቴዎስ በካይሮ ተሾሙ። አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ ጥር 6 ቀን 1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳሳት ሆኑ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ በፓትርያርክ ቄርሎስ 6ኛ እጅ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆኑ። መልሱ ከተለመነበት ደጅ፥ በፍቅርና በሥርዓት መጣ። ሐርቤ አላየውም፤ ይኩኖ አምላክና ይግብዐ ጽዮን አላዩትም፤ ሕፃንዋን ታቅፋ በአቡነ ማርቆስ ፊት የቆመችውም እናት አላየችውም።

መልስ በማግኘት ፈተና ያልቃል የሚል ቢኖር ደግሞ ቀጥሎ የሆነውን ይመልከት። አቡነ ቴዎፍሎስ ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በኢትዮጵያውያን ጳጳሳት እጅ ሁለተኛ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። በገዛ አገራችን የተፈጸመ የመጀመሪያው ሢመተ ፓትርክና ይህ ነው። በ1968 ዓ.ም. ግን ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ዐፅማቸው ተገኝቶ በክብር ያረፈው መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። የተሰማ ልመናም የራሱ መስቀል አለው።

እንግዲህ «ሳላገኝ ብሞትስ?» ላለው ሰው ምን እንበለው? ካህናት ሆይ፥ «ታገሥ፥ ታገኛለህ» ብለን በቶሎ አንሸኘው። የሚያገኝ ወይም የማያገኝ መሆኑን እኛ አናውቅም፤ ያላወቅነውን ተስፋ መስጠት ሐሰት ነው። «ኃጢአትህ ከልክሎሃል» ብለንም ሸክም አንጨምርበት፤ የአባቶቻችንን ልመና ብዙ ጊዜ የከለከለው የሰው ፍርሃትና የሐሰት ቀኖና እንደ ነበረ አይተናልና። ይልቁንስ እንዲህ እንበለው፦ ልመናህን አትተው፤ ለከለከለህም ሰው ጸልይ፤ ከማይገባ እጅ አትቀበል፤ ዛሬ በእጅህ ያለውንም አገልግሎት ሥራ። ይህን አድርገህ ሳታገኝ ብትሞት ልመናህ ከአንተ ጋራ አይቀበርም፤ እንደ ርስት ለሚመጣው ይተላለፋል። ርስት የሚያቀና ሰው ፍሬውን ሁሉ እርሱ ይበላው ዘንድ አይተክልም።

ዛሬ በየቅዳሴው የአገራችንን ፓትርያርክ ስም የሚጠራ ዲያቆን ሁሉ፥ ያንን ስም ሳይሰሙ ያለፉትን ያስብ። እነርሱ ቆመው ያልሰሙትን እርሱ በአፉ ይናገረዋልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።